ሶላር አለኝ ብዬ ሠርግ ዘጋሁ

ትናንት የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም። እኔ ራሴ እዚያው ቆሜ እያየሁት አላመንኩም።

ሻባት፣ ሰንበታችን፣ ሊገባ ጥቂት ሰዓት ነው የቀረው። ድስቱን እሳት ላይ ትቼ፣ ቤቱን ሳልወለውል፣ ስልኬን ይዤ የተቀመጥኩት ይህን ሳልጽፍ ሻባትን መቀበል ስላቃተኝ ነው።

ተናድጃለሁ። በጣም ተናድጃለሁ።

መጀመሪያ በሰው ተናደድኩ። ከዚያ በባትሪው። ከዚያ በደመናው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ግን መስታወት ማየት አልፈልግም። ፀጉር ለሚሠራ ሰው ደግሞ መስታወት መሸሽ እንዴት እንደሚከብድ እናንተው ገምቱ።

ለማታውቁኝ፣ ወርቅነሽ እባላለሁ። እስራኤል፣ ረሖቮት ከተማ ነው የምኖረው። የምርምር ድርጅቶች ባሉበት በቂርያት ቫይዝማን ውስጥ ላቦራቶሪ ሳጸዳ ዓመታት ቆየሁ። ወገቤ እምቢ ሲለኝ አንድ አሮጌ ነጭ ቫን ገዛሁና ውስጡን ፀጉር ቤት አደረግሁት። አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ አንድ መታጠቢያ፣ ትንሽ የውሃ ፓምፕ፣ መብራት። አራስ ቤት እሄዳለሁ፣ ሙሽራ ቤት እሄዳለሁ፣ እግራቸውን የሚያማቸው እናቶች ደጃፍ ድረስ እሄዳለሁ።

ጣሪያው ላይ ደግሞ ሶላር አለኝ።

ያጠገበችኝ ይቺ ሶላር ናት።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ቫኑ ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ከፊት ነው፤ ሞተሩን ያስነሳል። ሁለተኛው ከኋላ ነው፤ እሱ ለሥራዬ ብቻ ነው። መብራቱ፣ ፓምፑ፣ የፀጉር ማድረቂያው በእሱ ነው የሚሠራው፤ ማድረቂያው እንደ ቤት እንዲሰካ ኢንቨርተር አስገጥሜለታለሁ። የኋላውን የሚሞላው ሶላሩ ነው። የፊቱን የሚሞላው ሞተሩ ሲዞር አብሮት የሚዞረው አልተርናቶር ነው፤ አባቶቻችን ዲናሞ የሚሉት።

በጋውን ሙሉ ሶላሩ አንበሸበሸኝ። የዚህ አገር ፀሐይ መቼ ትነጥፋለች?

በሖሬፍ፣ በክረምቱ፣ ትነጥፋለች። ይህን ለማወቅ እዚህ አገር ሃያ ዓመት መኖር አልበቃኝም።

በዓላቱ አልፈው ደመናው ሲመጣ፣ ቀኑም ሲያጥር፣ ማድረቂያው በሥራ መሃል ቀጥ ማለት ጀመረ። አንዲት ደንበኛዬን በፎጣ አድርቄ ሸኘኋት። ሌላዋን ቤቷ ድረስ ተከትያት ገባሁ። እንዲህ አይሆንም አልኩና ወደ ቂርያት ዔቅሮን ነዳሁ።

እዚያ አንድ የመኪና ሐሽማላይ አሉ። የመኪና ኤሌክትሪክ ነው ሥራቸው። ከኛው ሰው ናቸው፤ ስልሳን ያለፉ፣ ቃል የሚቆጥቡ። የኋላውን በር ከፈቱ። ወንበሬን አዩ፣ መስታወቴን አዩ፣ ባትሪውን ለኩ።

“ልጄ፣ ሶላሩ ጥሩ ነው” አሉኝ። “ግን በሖሬፍ ብቻውን አይበቃሽም። ስትነጂ አልተርናቶሩ የኋላውን ባትሪም እንዲሞላልሽ እናድርግ። በሁለቱ መሃል አንድ ቻርጀር ይገባል። ሞተሩ ሲሠራ ያገናኛቸዋል፣ ሲጠፋ ይለያቸዋል። የሚያልፈውንም መጠን ይቆጣጠራል።”

“በቀጥታ በሽቦ ማገናኘት አይቻልም?” አልኳቸው።

“ይቻላል። ቤትም ያለ በር መሥራት ይቻላል።”

ይህን ሲሉ ፈገግ አላሉም። እኔ ግን የቀለዱብኝ መሰለኝ። 

ከዚያ ያቺን ጥያቄ ጠየቁኝ።

“ባለቤትሽ የት ነው?”

በቃ። ደሜ ፈላ።

ባለቤቴ ምን አገባው? ቫኑን የገዛሁት እኔ፣ የምነዳው እኔ፣ ወገቤን የሰበርኩት እኔ። ‘አንቺ ሴት ነሽ፣ አይገባሽም፣ ወንድ አምጪ’ ማለታቸው ነው ብዬ ደመደምኩ። ማብራሪያ አልጠየቅኩም። ሰው ሲናደድ ማብራሪያ ይጠይቃል እንዴ?

“የዚህ ቫን ባለቤት እኔ ነኝ” አልኳቸውና በሩን ድርግም አድርጌ ሄድኩ።

ሄጄስ ዝም አልኩ? አላልኩም። የመንገዱ ዳር ላይ ቆሜ፣ ሞተሩን እንኳ ሳላጠፋ፣ ያንን ፖስት ጻፍኩ። ታስታውሱታላችሁ። ‘ተጠንቀቁ። ቂርያት ዔቅሮን ያለ አንድ ሐሽማላይ ፀሐይን አያምንም። ሶላር እያላችሁ የማያስፈልጋችሁን ዕቃ ይጭንባችኋል። ሴት ሲያይ ደግሞ ባልሽን አምጪ ይላል።’

ባልሽን አምጪ አላሉኝም። እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ያን ቀን ግን እንዳሉኝ እምል ነበር።

ስማቸውን አልጻፍኩም። ጨዋ ነኝ አይደል?

የሱቃቸውን በር ፎቶ ግን ለጠፍኩ።

ስንቶቻችሁ ላይክ አደረጋችሁ። ስንቶቻችሁ ‘ጎበዝ እህቴ፣ አሳያቸው’ አላችሁኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በእናንተም ተናድጃለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ ‘እርግጠኛ ነሽ?’ ብሎ አልጠየቀኝም።

ከዚያ ነገሩን ራሴ ልሥራው አልኩ። ቪዲዮ አየሁ። አንድ ጥርሱ የማይከደን ሰውዬ ‘አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው’ ይላል። ሽቦ በኢንተርኔት አዘዝኩ። ቀይ፣ አውራ ጣት የሚያህል። ከፊተኛው ባትሪ አስነሳሁት፣ በወለሉ ቀዳዳ አሳለፍኩት፣ ከኋለኛው ጋር በቀጥታ አሰርኩት። በመሃል ቻርጀር የለ። ፊውዝ የለ። የሚለያያቸው ምንም ነገር የለ።

ሠራ!

አዎ፣ ሠራ። ያናደደኝም እሱ ነው። ያን ቀን እምቢ ቢለኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ስነዳ የኋላው ባትሪ ሲሞላ በዓይኔ አየሁት። ቪዲዮ ቀርጬ ለቀቅሁላችሁ፤ ሽቦውን እንደ ገደልኩት እባብ ከፍ አድርጌ ይዤ። ‘ቻርጀር አያስፈልግም ብያችሁ ነበር’ አልኩ።

ሦስት ሳምንት ንግሥት ነበርኩ።

ከዚያ ትናንት መጣ።

ኦሺዮት ሰፈር ውስጥ ሙሽራ ነበረችኝ። ሊአት ትባላለች። እናቷ ወይዘሮ ደስታ ናቸው፤ ሳላውቃቸው በሰው በሰው ያገኙኝ። ቤታቸው በእንግዳ ተሞልቶ እግር ማሳረፊያ ስለጠፋ፣ “ታች በቫንሽ ውስጥ ሥሪያት፣ እሷም ትንሽ ትረፍ” አሉኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ደመና ነበር። የኋላው ባትሪ ግማሽ እንኳ አልነበረውም። አልጨነቀኝም። ሁለቱን አስሬአቸው የለም? አንዱ ሲደክም ሌላው ያግዘዋል አልኩ። ባልና ሚስት እንዲህ አይደል የሚኖሩት?

የሕንፃው ሐናያ፣ መኪና ማቆሚያው፣ ከመሬት በታች ነው። መግቢያውም መውጫውም አንድ ነው፤ ጠባብ ዳገት። ትናንት ከዚያ ሁሉ ደመና መሃል አንዲት ጭላንጭል ፀሐይ ብቅ አለች። የት አረፈች መሰላችሁ?

የዳገቱ አፍ ላይ።

እዚያው አቆምኩ። ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ፣ አፉን ግጥም አድርጌ። አንድ ሰዓት ነው አልኩ። መኪና ልውጣ የሚል ቢመጣ ቁልፉ በእጄ ነው፣ አስነስቼ ገለል እላለሁ።

ሊአት ገባች። ደስ የምትል ልጅ ናት፣ ስልኳን አጥፍታ ነው የመጣችው። ፀጉሯ ወገቧ ይደርሳል፤ ብዙ ነው፣ ወፍራም ነው። አጠብኩት። ከፊት ሹሩባ፣ ከኋላ ልቅ እንዲሆን ተስማምተናል። ማድረቂያውን አበራሁ።

ግማሽ ራሷን አድርቄ ስጨርስ አንድ ነገር ሸተተ።

“ወርቄ፣ የሆነ ነገር እየተቃጠለ ነው?” አለችኝ።

“ቅባቱ ነው፣ ሙቀት ሲነካው ነው።”

ይህን ያህል ዘመን ፀጉር ስነካ እንዲህ የሚሸት ቅባት አጋጥሞኝ አያውቅም። ግን አልኩ። አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩ።

ወዲያው ማድረቂያው እየሰለለ ሄደና ዝም አለ። መብራቱም ጠፋ። መስታወቱ ውስጥ ሊአት ብቻ ቀረች፤ ግማሽ ራሷ እንደ ጥጥ አብጦ፣ ግማሹ ውሃ እያንጠባጠበ።

“ቤሰደር፣ ችግር የለም” አልኳት። “ሞተሩን አስነሳዋለሁ፣ አልተርናቶሩ ይሞላዋል።”

ወደ ፊት ዞሬ ገባሁ። ቁልፉን አዞርኩ።

ቀጭ።

ደግሜ አዞርኩ። ቀጭ።

ሦስተኛው ላይ ቀጭም የለ።

ያኔ ገባኝ። እንዲረዳዱ ነበር ያሰርኳቸው። የኋላው ሲያልቅበት ከፊቱ እየሳበ፣ የፊቱም ሲሰጥ ሲሰጥ፣ ተያይዘው ሞቱ። እኚያ ሰውዬ በር ያሉኝ ይህን ነበር።

ከታች ጡሩምባ ሰማሁ።

የሊአት ታላቅ ወንድም ነው፤ የእንግዶቹን መጠጥ ጭኖ ወደ ኡላሙ፣ ወደ ሠርጉ አዳራሽ፣ ሊሄድ። ከኋላው ሌላ መኪና መጣ። ከዚያ ሦስተኛ። ጡሩምባው ከመሬት በታች ሲጮህ ሕንፃው ራሱ የሚያቃስት ይመስላል።

ከዚያ የቫዓድ ባይቱ ሰውዬ መጣ። የሕንፃውን ጉዳይ የሚመራው እሱ ነው፤ አንደኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። በነጠላ ጫማ፣ ስልኩን አውጥቶ እየቀረጸ።

“ግቬርቲ” አለኝ፣ እመቤቴ ማለቱ ነው፣ “ይህ ሐናያ ነው እንጂ ሳሎን አይደለም።”

መልስ ነበረኝ። ጥሩ ጥሩ መልስ ነበረኝ። ካሜራው ፊቴ ላይ ስለነበር ዋጥኩት። ሰው ሳይፈቅድ ፎቶ ሲነሳ ምን እንደሚሰማው ያኔ አወቅሁ፤ ቢሆንም ግን ትምህርት ለመቀበል ጊዜው አልነበረም።

“እንግፋው” አለ የሊአት ወንድም።

ወደ ታች መልቀቅ አይቻልም። ጣሪያዬ ከነሶላሩ ከሐናያው ጣሪያ ይበልጣል፤ በዚያ ላይ የሙሽራዋ መኪና አበባ ተሰክቶባት ዳገቱ ሥር ቆማለች። ስለዚህ ወደ ላይ። ሱፍ የለበሱ ስድስት ወንዶች ከቫኔ ኋላ ተሰለፉ። እኔ መሪውን ያዝኩ።

“አንድ፣ ሁለት፣ ያላ።”

አንድ ክንድ ያህል ወጣ። ቆመ። ሁለተኛ ጊዜ ሲሞክሩ የአንዱ የሊአት አጎት ሱሪ ከኋላ ተቀደደ። ድምፁን ሁላችንም ሰማነው። ማንም አልሳቀም። ቢሳቁ ይሻለኝ ነበር።

ቫኑ ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ወይዘሮ ደስታ በሐበሻ ቀሚሳቸው ወረዱ። የልጃቸውን ራስ አዩ፣ የመኪናውን ሰልፍ አዩ፣ እኔን አዩ። አልጮሁም።

“ወርቄ፣ ፎቶ አንሺው ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልደረሳችሁ የውጪው ፎቶ ይቀራል ብሎናል” አሉኝ።

“አውቃለሁ እናቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምን እንደሆነ…”

“አይዞሽ። ወንድሜ ደርሻለሁ ብሏል። እሱ የመኪና ሐሽማላይ ነው።”



ረሖቮት ትንሽ ከተማ ናት። ቂርያት ዔቅሮን ከእሷም ታንሳለች። የኛ ሰው ደግሞ ከሁለቱም ያንሳል።

መኪናቸውን መንገድ ላይ ትተው በእግራቸው መጡ። ግራጫ ሱፍ፣ ደረታቸው ላይ ትንሽ አበባ፣ ከጎናቸው ባለቤታቸው። እሳቸው ናቸው። ሌላ ማን ይሆናል?

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። ለነገሩ ተከፍታ ነበር፤ አፏን የዘጋሁት እኔው ነኝ እንጂ።

ዓይን ለዓይን ተያየን። አወቁኝ። እንዳወቁኝም እንዳውቅ አደረጉ።

“ደህና ዋልሽ ልጄ” አሉኝ።

ይኸው ነው። ሌላ ቃል የለም። ተቆጡኝ፣ ስደቡኝ፣ ‘ፀሐይሽ የት ሄደች?’ በሉኝ። ምንም። ኮታቸውን አውልቀው ለባለቤታቸው ሰጡ፣ እጅጌያቸውን ጠቀለሉ፣ የሞተሩን ክዳን ከፈቱ። ዝምታቸው እንዴት እንዳናደደኝ! የበደሉት ሰው ጨዋ ሲሆን ከመናደድ በቀር ምን ይደረጋል?

ቀዩን ሽቦ አዩት።

“ማን ሠራው?”

“እኔ።”

በዓይናቸው ተከተሉት። ወደ ወለሉ የሚገባበት ጋ ሲደርሱ በዚያ የሠርግ ሱሪያቸው ሲሚንቶው ላይ ተንበረከኩ። እጃቸውን ከሥር አስገብተው ቆዩ። ከዚያ በጣታቸው ጠሩኝ። ጎንበስ አልኩ።

ሽቦው ብረቱን የሚያልፍበት ቦታ ላይ ፕላስቲኩ ቀልጧል። መዳቡ ራቁቱን ወጥቷል። ከጎኑ ያለው ምንጣፍ ጠቁሮ ከሰል መስሏል።

“ከላይ ሲያዩት ወፍራም ነው” አሉኝ በጆሮዬ። “ውስጡ ግን ፕላስቲክ እንጂ መዳብ የለውም። ማድረቂያው ከሁለቱም ባትሪ ሲስብ ሞቋል። ትንሽ ቢቆይ መዳቡ ብረቱን ይነካና እሳት ይነሳ ነበር።”

ቀና ብለው ወደ ወይዘሮ ደስታ አዩ። ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ።

“እህቴ አትስማ። የልጇ ሠርግ ነው።”

ሊአት ተቀምጣ የነበረችው ከዚያ ቀዳዳ አንድ ክንድ ርቃ ነው። ፎጣ ለብሳ፣ ዓይኗን ጨፍና። ‘ቅባቱ ነው’ አልኳት።

 የቫኑን በር ይዤ ቆምኩ።

እሳቸው ሽቦውን ከሁለቱም ጫፍ ፈቱት፣ ጠቀለሉት፣ ወደ ጎን አስቀመጡት። መኪናቸውን አስጠግተው ከባትሪያቸው ወደ ፊተኛው ባትሪዬ ገመድ ዘረጉ። “አስነሺው” አሉኝ። አስነሳሁት። ወደ መንገዱ አወጣሁት። መኪኖቹ አንድ በአንድ ከመሬት በታች ወጡ። እያንዳንዱ ሾፌር ሲያልፍ ዞር ብሎ አየኝ። የቫዓድ ባይቱ ሰውዬ እስከ መጨረሻው ቀረጸ።

ሊአትን ወደ ቤት አስወጣኋት። ኩሽና ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ማድረቂያውን ግድግዳው ላይ ሰክቼ ጨረስኩላት። የግድግዳ ሶኬት! እዚያው የነበረ፣ ማንም ያልከለከለኝ። ሹሩባውን ስሠራ መስመሩ ሁለት ጊዜ ጠመመብኝ፣ ሁለት ጊዜ ፈታሁት።

“ወርቄ፣ ምን ሆንሽ?” አለችኝ ሊአት። “የማገባው እኮ እኔ ነኝ።”

ሳቅሁ። ትናንት የሳቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ደረሱ፤ ፎቶውን አንስተዋል፣ ላከችልኝ። አምሮባታል። ይህን ያልኩት ቢያንስ አንድ ነገር እንዳላበላሸሁ እንድታውቁልኝ ነው።

ዕቃዬን ሰብስቤ ስወርድ ደረጃው ላይ የሐሽማላዩ ባለቤት ቆመው አገኘኋቸው። የባላቸውን ኮት አሁንም ክንዳቸው ላይ እንደያዙ ናቸው። እሳቸው እንደ ባላቸው ዝምተኛ አይደሉም።

“አንቺ ነሽ አይደል?” አሉኝ።

“እኔ ነኝ እናቴ።”

“እሱ ይተወው ይላል። እኔ አልተውም። አንቺ ያን ነገር ከጻፍሽ ወዲህ ስንት ሰው እንደቀረበት ታውቂያለሽ? ሃያ ዓመት የሚያውቁት ሰዎች መኪናቸውን ሌላ ቦታ ወሰዱ። ሱቁን ከፍቶ ሬዲዮ ሲሰማ ነው የሚውለው። ምኩራብ ሲሄድ ከኋላ መቀመጥ ጀመረ። ሌባ የተባለ ሰው ከፊት አይቀመጥም አለኝ።”

“ሌባ አላልኩም” አልኩ።

ይህን በማለቴ አሁንም ያቃጥለኛል። ያን ሁሉ ሰምቼ የመጣልኝ መልስ ይህ ነበር።

“ምን ብለሽ ነበር ታዲያ?” አሉኝ።  “የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲሉ አልሰማሽም? አንቺማ ቅቤውንም ታውቂዋለሽ፣ ፀጉር ሠሪ ነሽ።”

ወደ ሠርጉ ተጠርቼ ነበር። አልሄድኩም። ቤቴ ገብቼ ፖስቱን ሰረዝኩ። አንዴ ተጫንኩ፣ ጠፋ። ቀላል ነው።

ግን የት ጠፋ? ፎቶ አንስታችሁ በየቤተሰቡ ግሩፕ የላካችሁት አለ። አንዱማ የሱቃቸውን በር ቆርጦ፣ ከላዩ ላይ የተኮሳተረች ፀሐይ ስሎ ቀልድ ሠርቶበታል። እሱን አንድ ጊዜ እኔም ስቄበት ነበር። የጻፍኩትን ለማጥፋት ስንት ቤት እየዞርኩ ልለምን?

ተናድጄ ነው ያደርኩት። በሽቦ ሻጩ። በዚያ ፈገግተኛ የቪዲዮ ሰውዬ። በእሳቸው ዝምታ። ሊነጋ ሲል የሚናደዱበት ሰው አልቆብኝ እኔ ብቻ ቀረሁ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ቂርያት ዔቅሮን ነዳሁ። የሠርግ ማግስት ሱቅ አይከፈትም ብዬ ነበር። ተከፍቷል። ሬዲዮው ይናገራል። ሌላ መኪና የለም።

ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። መንገድ ላይ ጮክ ብዬ ተለማምጄዋለሁ።

“ጋሼ፣ እኔ በእርስዎ ላይ…”

“ቁልፉን ስጪኝ” አሉ።

ሰጠኋቸው። የኋላውን በር ከፍተው አዩ፣ ዘጉ። ዞር ብለው፣

“ባለቤትሽ የት ነው?” አሉኝ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

“ቫኑ እስከ ቀትር እዚህ ይቆያል” አሉ። “አውቶቡሱ ዓርብ ቀን አይታመንም። ማን ይወስድሻል ብዬ ነው።”

ያቺ ጥያቄ ይቺ ናት። መጀመሪያም ይቺ ነበረች። በእሷ ነው የሰው ሱቅ ባዶ ያደረግሁት።

አልሳቅሁም። እዚያ ያለ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሳቸው መፍቻ የጠፋባቸው መስለው መሳቢያ ለመሳቢያ ሲፈልጉ ቆዩ። መፍቻው እጃቸው ላይ ነበር።

ወደ ቤት አልሄድኩም። ቆሜ አገዝኩ። ቀዩን ሽቦዬን በመቀስ አስቆረጡኝ፣ ውስጡን አሳዩኝ። እውነትም ፕላስቲኩ ነው አውራ ጣት የሚያህለው፤ መዳቡ እንደ ስፌት ክር ነው። አዲሱን ሽቦ ራሴ ልጬ ጫፉን ራሴ አሰርኩ። ፊውዝ በሁለቱም ጫፍ፣ ቻርጀሩ በመሃል፣ ብረቱን የሚያልፍበት ቦታ ላይ ጎማ። አሁን ቆሜ ስሠራ ሶላሩ ይሞላዋል፣ ስነዳ አልተርናቶሩ ይሞላዋል፣ ሞተሩን ሳጠፋ የፊቱ ባትሪ ለብቻው ነው። ማድረቂያውም ከሶላር ይልቅ ሶኬት እንደሚወድ ነግረውኛል። እሺ ብያለሁ።

“እጅሽ ጥሩ ነው” አሉኝ አንድ ጊዜ። ከዚያ ወዲያ አላመሰገኑኝም።

አንድ ነገር ግን ማወቅ ነበረብኝ።

“ጋሼ፣ ያን ሁሉ ስጽፍብዎት ለምን አልመለሱልኝም? አንድ ቃል ቢጽፉ ሰው ይሰማዎት ነበር።”

“መጀመሪያ ሥራ ነበረኝ” አሉ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። “ኋላ ሥራው ሲጠፋ ደግሞ የምጽፈው ጠፋኝ።”

ያን ጊዜ ነው የወሰንኩት። ዛሬውኑ፣ ሻባት ሳይገባ፣ እውነቱን እጽፋለሁ አልኳቸው። ሁሉንም። ሽቦውን፣ ሐናያውን፣ ‘ባልሽን አምጪ’ ብዬ የጨመርኩትን።

ራሳቸውን ነቀነቁ።

“አትጻፊ። ስለ እኔ ከእንግዲህ አትጻፊ፣ በክፉም በደጉም።”

እሺ አልኳቸው። ስል ከልቤ ነበር።

ቤት ደረስኩ፣ ድስት ጣድኩ፣ ሽንኩርት ላይ ቆምኩ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ክፉውን ስጽፍ አላስፈቀድኳቸውም፣ አሁን ደጉን ልጽፍ ስል ፈቃድ ጠባቂ ሆንኩ። ጨዋነት ነው ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። ጨዋነት አይደለም፣ እፍረቱን ፈርቼ ነው። ይኸው ጻፍኩ። ለሁለተኛ ጊዜ አስከፋኋቸው ማለት ነው።

እናንተ ብትሆኑ ዝም ትሉ ነበር?

ኮሜንት ላይ አትመልሱልኝ። ላይክም አታድርጉ። መኪናችሁን ይዛችሁ ወደ ሱቃቸው ሂዱ።